በደጃፍ የተደፋው አመድ

እናንተ የእመቤታችን ወዳጆች ሆይ፥ ጆሯችሁን አዘንብሉና ለአንድ ግንበኛ ያደረገችውን ስሙ፤ ምሕረቷ እዚህ የቆመውንም በደጅ የቀረውንም ታግኘው።

ዋልካ ሜዳ በምትባል አገር ሀብተ ሩፋኤል የሚባል ግንበኛ ነበረ፤ እመቤታችንንም እጅግ ይወዳት ነበርና በየማለዳው ውዳሴዋን ሳይደግም መዶሻ አይጨብጥም፥ ከምሳውም እኩሌታውን በስሟ ለነዳያን ይሰጥ ነበር። ሚስቱ ወለተ ጊዮርጊስ ግን እግሯ የማይታዘዝላት፥ በምርኩዝ የምትሄድ ነበረችና ምድጃዋን በጠረገች ጊዜ ጓሮ ድረስ መሄድ ስለማይሆንላት አመዱን ከደጃፍ ትደፋው ነበር፤ እርሱም ጸሎተኛ ቢሆንም በዚህ ነገር ትዕግሥት አልነበረውምና "አንቺ ሴት፥ ደጃችንን አመድ አለበስሽው እኮ!" እያለ ይቆጣት ነበር።

የአገሩም ሰዎች በእመቤታችን ስም ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራላቸው ለመኑትና ሠራ፤ ነገር ግን የዚያ አገር ምድር ጥቁር ዋልካ ነበር፤ ክረምት ውኃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፥ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግንቡም በመጀመሪያው ክረምት ተሰነጠቀ። አፍርሶ መሠረቱን አጥልቆ፥ ድንጋዩንም አክብዶ ቢሠራው በሁለተኛውም ተሰነጠቀ። ከዚያም ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው "አንድ ክረምት እንታገሣለን፤ ደግሞ ከተሰነጠቀ ግን ታቦቷ ከወንዝ ማዶ ወዳለው ጭንጫ ምድር ትሄዳለች" አሉ። ሀብተ ሩፋኤልም ልቡ ተሰበረ፤ ወለተ ጊዮርጊስ ያን ወንዝ መሻገር አይቻላትምና። እርሷ ግን "አንተ ተሳለምልኝ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ደወሉን እሰማለሁ" አለችው፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ አስለቀሰው።

የበልግ ዝናብ በጣለ በማግስቱ፥ በቀትር፥ ዳግመኛ ካፈረሰው ግንብ ሥር ተደፍቶ ሲያለቅስ እንቅልፍ ወሰደውና እመቤታችን በብርሃን ተገልጣ እንባውን በመጎናጸፊያዋ ጠረገችለት፤ "ወዳጄ ሆይ፥ የምትቆጣበትን ስፍራ ሄደህ እርገጥ" አለችው። ነቅቶም ሮጠ፤ በመንገዱ ሁሉ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲውጠው ከደጃፉ ሲደርስ ግን ጽኑ ምድር ረገጠ፤ የብዙ ዘመን አመድ ከዋልካው ጋር ተዋሕዶ አያብጥም፥ አይሰነጠቅም ነበርና። ከሚስቱም እግር ሥር ወድቆ "ይቅር በዪኝ፤ አንቺ መሠረት ስትጥዪ እኔ ስቆጣሽ ኖሬአለሁ" አላት፤ እርሷም እየሳቀች "ተነሣ እንጂ አንተ ሰው፥ ልብስህ አመድ በአመድ ሆነ!" አለችው።

የደብሩም ቄስ "ከመቅደስ ሥር አመድ?" ብለው ቢደነግጡም ራእዩን ሰምተው ፈቀዱ፤ አገሬውም ከየቤቱ አመድ አመጣ፥ ግን ለመሠረቱ እኩሌታ እንኳ አልበቃም። ያን ጊዜ ወለተ ጊዮርጊስ የዚያን ዕለት የጠረገችውን አንዲት ቁና አመድ አሸክማ መጣችና "እመቤቴ፥ ያለኝ ይኸው ነው" አለች፤ ሀብተ ሩፋኤልም ከቁናዋ እየዘገነ፥ ከዋልካው ጋር እየለወሰና እየደለደለ አራቱን ማዕዘን ቢሞላ ቁናዋ አልጎደለችም።

ግንቡንም በዚያ መሠረት ላይ አቆመ፤ ክረምቱም መጥቶ አለፈ። በመስከረም ሃያ አንድ ቀን ወለተ ጊዮርጊስ በምርኩዟ ገብታ፥ ሁለት ጊዜ የተሰነጠቀውን ማዕዘን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ፀጉር የምታስገባ ስንጥቅ እንኳ አላገኘችም፤ ምርኩዟንም በግንቡ አስደግፋ እልል አለች፥ ሕዝቡም ሁሉ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ሀብተ ሩፋኤልም እስኪያርፍ ድረስ ምድጃውን በየማለዳው ራሱ እየጠረገ አመዱን ከደጃፉ ይደፋ ነበር።

የአንካሳይቱን አመድ ያልናቀች እመቤት የእኛንም ጥቂት ነገር ተቀብላ የላላውን ልባችንን ታጽናልን፤ ከደጇም አትለየን፤ አሜን።