ወደ ግራ ብቻ የሚያዩ ሽልንጎች

ተረቴን ስሙኝ፤ ያልሰማኝ ድግስ ቤት ገብቶ ይራብ።

ሙሽራ ሊወስዱ ጅጅጋ ከመጡት ሰርገኞች መካከል ባላምባራስ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ሆዳቸው ቢጮህባቸው ወደ ጓዳ ሄዱ።

«አስካለ፣ የኔ እመቤት፣ አንዲት ጉርሻ!»

«ሞቼ ነው ቆሜ! ከበሮ ሳይመታ ድስት አልከፍትም» አለች ወጥ ሠሪዋ።

ወደ ከበሮ መቺው ወደ ደባልቄ ሄዱ። «ከበሮ አይመታም፤ ድስት አይከፈትም፤ እኔም አልበላሁ። ኧረ ምታልኝ ልጄ!»

«እልልታ ሳልሰማ እጄ አይነሳም፣ አባቴ።»

ወደ ሙሽራይቱ እናት ወደ እመት ብርቅነሽ ሄዱ። «እልል አይባልም፤ ከበሮ አይመታም፤ ድስት አይከፈትም፤ እኔም አልበላሁ። ኧረ እልል በይ!»

«ልጄ ሳትወጣ ለማን እልል ልበል? ለበሩ?»

በሩን አንኳኩ። «ሙሽራ አትወጣም፤ እልል አይባልም፤ ከበሮ አይመታም፤ ድስት አይከፈትም፤ እኔም አልበላሁ። ኧረ ውጪ!»

«አልወጣም!» አለች ሙሽራይቱ ማንያህልሻል ከውስጥ። «በእኛ ቤት ሙሽራ ሁለት የእንግሊዝ ሽልንግ ያለው ሐብል ታስራለች፤ ሽልንጎቹ ላይ ያሉት ንጉሦች ፊት ለፊት ይተያያሉ። የእኔዎቹ ግን አንዱ የሌላውን ማጅራት ነው የሚያየው! ባሌም ማጅራቴን ሲያይ ይኑር?»

ወደ አንጥረኛው ወደ አቶ ፈረደ ገሰገሱ። «ንጉሦች አይተያዩም፤ ሙሽራ አትወጣም፤ እልል አይባልም፤ ከበሮ አይመታም፤ ድስት አይከፈትም፤ እኔም አልበላሁ። ምን ይሻላል?»

«ምን ላድርግ ጌታዬ? ሁለቱም የሚያዩት ወደ ግራ ነው። ብገለብጠው ንጉሡ ይሄድና አንበሳ ይመጣል። ወደ ቀኝ የሚያይ ከየት ላምጣ?»

 እንግሊዞች አዲስ ንጉሥ ሲያነግሡ ብዙ ጊዜ ፊቱን ወደ ሌላው ጎን አዙረው እንደሚቀርጹት ባላምባራስ ያውቃሉ። ወደ ቀኝ የሚያየው የፊተኛው ንጉሥ ሽልንግ ደግሞ ደረት ኪሳቸው ውስጥ አለ፤ ሟች ባለቤታቸው በሠርጋቸው ቀን የሰጠቻቸው ነው። እንኳን ሊሰጡት አሳይተውት አያውቁም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ብቻዬን ሳየው ኖርኩ» አሉና አወጡት። «እንግዲህ እሱም የሚያየው ያግኝ።»

አንጥረኛው በሳው፤ ንጉሦች ተያዩ፤ ሙሽራ ወጣች፤ እልል ተባለ፤ ከበሮ ተመታ፤ ድስት ተከፈተ! የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሙሽራይቱ ራሷ አጎረሰቻቸው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ልጄ» አሉ ባላምባራስ እያኘኩ። ሳቀችና ደገመቻቸው።

እኔም ጨረስኩ፤ ተራው የእኔ ነው፣ አጉርሱኝ።