ውሻና ነብር ያደሩበት ቤት

ተረት ተረት።

«የላም በረት!»

ዛሬስ የላም በረት አትበሉኝ። ዛሬ የማወራችሁ የመንገደኛ ነገር ነው። የመንገድ ዕረፍት በሉኝ። ተረት ተረት።

«የመንገድ ዕረፍት!»

እንዲያ ነው። በሉ እግራችሁን ሰብስቡና ስሙ። መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ግን ተረቴን ይዤ እተኛለሁ።

በድሮ ዘመን፣ ሰው አገር ላገር በእግሩ በሚሄድበት ጊዜ፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ልጅ አልወለደችም። ባሏም ሞተባትና ከእሱ የቀረቻት አንዲት ውሻ ብቻ ሆነች። ውሻይቱ ዳመና ትባላለች። ባልየው የተቀበረ ዕለት ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ዳመና ከመቃብሩ አልነሣም አለች። ትርንጎም ሄዳ፦ «ነይ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ» አለቻት። ከዚያም ወዲህ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

ኋላ ወንድሟ ከሩቅ አገር፦ «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይና ከኔ ጋር ኑሪ» ብሎ ላከባት። እሷም ስንቋን ቋጠረችና ውሻዋን አስከትላ ተነሣች። ጎረቤቶቿ ሳቁባት። «ሰው መንገድ ሲሄድ በቅሎ ያስከትላል፣ አንቺ ውሻ ታስከትያለሽ? ማን ሊያሳድርሽ ነው?» አሏት። ትርንጎም፦ «እኔን ያሳደረ እሷንም ያሳድራል» አለችና መንገዷን ያዘች።

አዬ ትርንጎ። የሰውን ነገር መች አወቀችው።

መጀመሪያ መጀመሪያ ደኅና ነበር። ጥላ ሲያገኙ ያርፋሉ፣ ውሃ ሲያገኙ ይጠጣሉ፣ ትርንጎም ስንቋን ከዳመና ጋር ትካፈላለች። ከዚያም ስንቁ አለቀና ጥቅጥቅ ካለ ጫካ አገር ደረሱ። ያ አገር የነብር አገር ነው። ነብር ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ከበግም ከፍየልም ይልቅ ውሻ ነው የሚያምረው። በዚያ አገር ውሻውን ከደጅ አሳድሮ ጧት በደኅና ያገኘ ሰው የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአንድ ትልቅ ግቢ ደረሱ። ትርንጎም ከአጥሩ ውጭ ቆመችና እንደ ደንቡ፦ «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ» አለች።

የቤቱ እመቤት ብቅ አለችና ዳመናን አየቻት። «የኛንስ እንይዛለን፣ ያንቺን ማን ይይዝልናል?» አለች።

ትርንጎም፦ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ እመቤቴ። እሷም ሰው አትነካም» አለች።

እመቤቲቱም፦ «ቤት የእግዜር ነው፣ አንቺ ግቢ። ውሻሽ ግን ከውጭ ትደር። ከገባች የኛ ውሾች ይዘነጣጥሏታል» አለች።

ትርንጎ በበሩ ወደ ውስጥ አየች። እሳት ይነዳል፣ የወጥ ሽታ ይመጣል። ደግሞ ዳመናን አየቻትና፦ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች።

ቀጥላ ከአንድ ቄስ ቤት ደረሰች። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፣ እኔስ አላማቸውም። «ልጄ፣ ነገ ቀዳሽ ነኝ። ከውሻ ጋር አድሬ እንዴት ቤተ መቅደስ እገባለሁ? አንቺ ግን ነይ ግቢ» አሏት።

ትርንጎም፦ «ከውጭ ካደረች ነብር ይበላታል አባቴ። እሷም እንደኔ እንግዳ ናት» አለች።

ቄሱም እጃቸውን ከማዶ ወዳለው ገደል ዘረጉና፦ «እዚያ ከገደሉ ሥር አንድ ባሕታዊ አሉ። መንገደኛ አይመልሱም ይባላል። ግን ልጄ፣ የነብሩም ዱካ ወደዚያው ነው የሚሄደው። እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ።

ትርንጎ ምን ታድርግ? ወደ ኋላ ብትመለስ ጫካ ነው፣ ወደ ፊት ብትሄድ ዱካው ነው። እያነባች ወደ ገደሉ ወረደች። ከገደሉም ሥር አንዲት ጎጆ አገኘች። አጥር የላትም፣ መዝጊያ የላትም። ትርንጎም አፏ ለምዶ፦ «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ» አለች።

ከውስጥ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፦ «የኔው ታስሮ አያውቅም። አይዞሽ፣ ግቢ» አለ።

ገባች። ብትገባ ምን ታይ? ባሕታዊው ከእሳቱ ዳር ተቀምጠዋል። ከእግራቸው ሥር ደግሞ ነብር ተጋድሟል። ነብር ነው የምላችሁ፣ እንደ ቤት ድመት እጁን አጣጥፎ። ዓይኑን ገለጠና ዳመናን አያት። ዳመና ጅራቷን ሸጎጠች። ትርንጎም ዳመናን ወደ ራሷ ስባ እዚያው ተቀመጠች። እኔስ ይህን ስነግራችሁ እንኳ ገላዬን ይወርረኛል።

ባሕታዊውም፦ «አትፍሪ ልጄ። እኔ እዚህ ስገባ እሱም ብርድ አባሮት መጣ። በዚህ ቤት አንድ ሕግ አለን። ከአንድ እጅ የበላ አይነካካም። እሱም ሕጉን ያውቃል። ያልበላ ግን የሱ ነው፣ እኔም አላስጥልም» አሉ።

ከዚያም ከእሳቱ ዳር አንዲት ቂጣ አነሡ። መዳፍ የምታህል ናት፣ በቤቱም ሌላ እህል የለም። ለሦስት ቆረሷት። አንዱን ለነብሩ ዘረጉለትና ከእጃቸው ላይ ቀስ ብሎ በላ። ነብር ቂጣ ሲበላ አይታችኋል? እኔም አላየሁ፣ እናቴ ግን ነግራኛለች። ሁለተኛውን ለዳመና ሰጧት፣ በላች። ሦስተኛውን ለትርንጎ ዘረጉላት።

የትርንጎ ሆድ ከጀርባዋ ተጣብቋል። ግን ልማድ ክፉ ነው። እናቷ፦ «በሰው ቤት ብይ ሲሉሽ በመጀመሪያው እሺ አትበይ» ብላ ነው ያሳደገቻት። ደግሞ የሽማግሌው ራት ያቺው ቂጣ መሆኗን ስታይ ይሉኝታ ያዛት። ሕጉን አሁን ሰምታ አሁን አፏ ቀደማትና፦ «ጠግቤያለሁ አባቴ። ለሷው ይስጧት» አለች።

እንዲህ ያለችው «በሞቴ» እስኪሏት ነው። ባሕታዊ ደግሞ አይምልም። «እንዳልሽ» አሉና ቁራሹን ከዳመና ፊት አኖሩት።

ነብሩ ተነሣ።

ሲነሣ ድምፅ የለውም። ወደ ትርንጎ መጣና ፊት ለፊቷ ቆመ። ትንፋሹ ግንባሯን ነካት። ባሕታዊው ባዶ እጃቸውን እያዩ፦ «ልጄ፣ ምን ላድርግሽ? የምሰጥሽ አልቋል» አሉና እንባ መጣባቸው። ትርንጎም በሆዷ፦ «ለአንድ ጉርሻ ስግደረደር ሞትኩ» አለች።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ዳመና ግን አልጮኸችም። ርቧታል፣ ያ ቁራሽ ደግሞ ከአፍንጫዋ ሥር ነው። በአፏ አነሣችው። ሳትውጠው በነብሩ አገጭ ሥር አለፈችና ከትርንጎ ጭን ላይ አኖረችላት።

እንግዲህ አስቡት። ቂጣው በውሻ ምራቅ ርሷል። በትርንጎ አገር ውሻ አፉን የነከረበት ገንቦ እንኳ ይሰበራል። ግን ከደጅ ደጅ፦ «እሷም እንግዳ ናት» ስትል የዋለች ሴት፣ የእንግዳይቱን ጉርሻ እንዴት ትጸየፍ? አነሣችውና በላች። አኝካ ዋጠች።

ነብሩ አፏን አሸተተ። ከዚያም ዘወር አለና ጀርባውን ሰጥቷቸው ከደጁ ላይ ተጋደመ። መዝጊያ ላልነበረው ቤት መዝጊያ ሆነ።

ባሕታዊው ከተቀመጡበት ተነሡና ለዳመና እጅ ነሡ። «ከእጄ የበላ ብዙ አይቻለሁ። አጉርሶ ያዳነ ግን ዛሬ አየሁ» አሉ። ያን ሌሊት ትርንጎ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ተኝታ የማታውቀውን እንቅልፍ ተኛች።

በነጋም ጊዜ ባሕታዊውን ተሰናብተው ሄዱ። ሄዱ ሄዱና ከወንድሟ አገር ደረሱ። ወንድሟም እልል እያለ ወጣ፣ አቀፋት፣ ሳማት። ዳመናን ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ። «እንኳን ደኅና መጣሽ እቴ። አንቺ ግቢ፣ ይቺን ውሻ ግን እዚያ ከውጭ . . .» አለ።

ሳይጨርስ ከትርንጎ ኋላ ከኮረብታው ላይ አንድ ነገር አየ። ያ የባሕታዊው ነብር ነው። ቁጭ ብሎ ቤቱን ያያል። የሚያድነው ነገር የለ፣ የሚቸኩልበት ነገር የለ። ዝም ብሎ ያያል።

ወንድምየው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።

«ግቡ» አለ፤ «ሁለታችሁም ግቡ።»

ተረቴን ተረትኩ፣ አፌም ደረቀ። እንግዲህ ከዚያ ዳቦ ቆርሳችሁ አጉርሱኝ። እኔ እንደ ትርንጎ አልግደረደርም።