ማረሻ ላይ የወጡት ሥራ አስኪያጅ

በአንድ ትልቅ እርሻ መሐንዲስ ሆኖ የተቀጠረው የምሩቁ ኑሮ የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ቀን ነው። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አቶ ዘርጋው ለእንግዶች፣ «ይህ ትራክተር ማረሻ ማንሳት ያቃተው ስላረጀ ነው» ሲሉ፣ ምሩቁ ብድግ ብሎ፣ «አላረጀም፤ ማረሻውን የሚያነሳው የሃይድሮሊክ ዘይት የሚጣራበት ፊልትሮ በቆሻሻ ተደፍኖ ነው» አላቸው። በማግስቱ ከመሐንዲስነት ወደ ዘይት መጋዘን ጠባቂነት ተዛወረ። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ሸክም ማንሳት የተማረ ሰው፣ ራሱን ከተቀመጠበት በርሜል ላይ ማንሳት አቃተው። «ጥፋቴ ምንድን ነው?» እያለ አሥራ አንድ ዓመት ለበላይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፈ፤ መልስ ግን አላገኘም።

ዘንድሮ በእርሻ ወቅት ትራክተሩ ጨርሶ እምቢ ሲል አስጠሩት። ፊልትሮውን አጠበ፤ ዘይቱን ሞላ።

አቶ ዘርጋው በሠራተኞቹ ፊት ማረሻው ላይ ወጥተው ቆሙ። «በል አንሳኝ፣ ምሩቁ። ካቃተህ ነገ የመጋዘኑንም ቁልፍ ታስረክባለህ።»

ምሩቁ ትራክተሩ ላይ ወጥቶ የማንሻውን እጀታ ሳበ። ማረሻው አቶ ዘርጋውን ይዞ ሽቅብ ወጣ፤ እሳቸውም የትራክተሩን ጭቃ መከላከያ አቀፉ።

«በቃ አየሁ፣ አውርደኝ።»

«አወርድዎታለሁ፣ ጌታዬ» አለ ምሩቁ፣ እጁን ከእጀታው ሳያነሳ። «መማር ደግ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ተምሬም ሞኝ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ላይ የላክሁት ወረቀት ነበር፤ ለካ መላክ የነበረብኝ እርስዎን ኖሯል። እንግዲህ ፊልትሮው ንጹሕ ነው፣ ዘይቱም ሙሉ ነው፤ ይህ ማንሻ እስከ ማታ አይዝልም። ጥፋቴ ምን ነበር? ይመልሱልኝና ይውረዱ።»