የጋሼ ጉልላት አበላልና አሰጣጥ

የስልክና የካሜራ ቀረጻ በአንድ ቪዲዮ ሲቀላቀል ሁሉም እኩል ይሂድ ወይስ እንዳለ ይተው? እኔ እስካሁን አልቆረጥኩም።

አንዲት ቪዲዮ አቀናባሪ ለሰርግ ሁለቱን ቀላቀለች። የሁለቱ ምስሎች በእኩል ፍጥነት ተደርድረው ሲታዩ፣ ስልኩ በሴኮንድ የሚያነሳው ምስል ጥቂት ስለሆነ ሰው ያጣድፋል፤ ካሜራው ብዙ ስለሚያነሳ ያንቀራፍፋል። የሙሽራዋ አጎት፣ ባለጸጋ የሆኑት ጋሼ ጉልላት፣ ሲበሉ በስልክ፣ ስጦታ ሲሰጡ በካሜራ ተቀርጸው ኖሮ ሲያዩት ተቆጡ።

«ስበላ እጣደፋለሁ፣ ስሰጥ እንቀረፈፋለሁ። አንድ አድርጊው፤ አለዚያ በዚህ ሰፈር ሰርግ አትሠሪም።»

«እሺ ጋሼ። እንደ አሰጣጥዎ እንዲበሉ ላድርግ፣ ወይስ እንደ አበላልዎ እንዲሰጡ?»

ጋሼ ጉልላት አጠገባቸው ሆና ቪዲዮውን የምታየውን ሙሽራ ፊት አዩና «እንዳለ ይሁን» አሉ።

የልጄ ልደት ቪዲዮም እንዲሁ ነው፤ ኬክ ሲጎርስ ይጣደፋል፣ እኔን ሲያጎርሰኝ ይንቀረፈፋል። ሰው ስስታም እንዳይለው ፈራሁ። ላስተካክለው ወይስ ልተወው? እስቲ ምከሩኝ።