ዘመድ የሌለው ሰብሳቢ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ወዲህ ጠጋ ይበል።

ከዕለታት አንድ ቀን ጎጆ ሠሪዋ ወፍ፣ ንብ፣ ምስጥና ጉድጓድ ቆፋሪው ፍልፈል የግንበኞች ማኅበራቸውን የሚመራ ሸንጎና የሸንጎውን ሰብሳቢ ሊመርጡ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ሁሉም ለየወገኑ ስለጮኸ በሰብሳቢው መስማማት አቃታቸው። በመጨረሻ ዳር ላይ ብቻውን የተቀመጠውን ፍልፈል ያየችው ንብ ናት።

«አያ ፍልፈል ይሁን! ዘመድ ስለሌለው አያዳላም» አለች።

«ፍልፈል ይሁን! ፍልፈል ይሁን!» አሉ ሁሉም።

ፍልፈል ስሙ በዚያ ሁሉ አፍ ሲጠራ ሰምቶ አያውቅምና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ከእንግዲህስ ወገን አገኘሁ» ሲል አሰበ።

በማግስቱ ወፏ መጣች። «አያ ፍልፈል፣ ጫጩቶቼ ተፈልፍለውልኛል። ና፣ አብረን ደስ ይበለን» አለችው።

እንዲህ ያለ ጥሪ ደርሶት አያውቅም። ጸጉሩን አበጣጥሮ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ግን ምስጥ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ጌታው፣ ዛሬ ከወፍ ቤት ከበሉ ነገ የእኛንና የእሷን ነገር እንዴት ብለው ይዳኛሉ?» አለው።

ፍልፈልም «እውነትህን ነው» አለና ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

ከወፏ ቤት የሚሰማው እልልታ ግን ተከትሎት ገባ። ፍልፈልም ማንም ሳያየው ከመሬት በታች እየቆፈረ ሄዶ ከወፏ ዛፍ ሥር ደረሰ። ጆሮውንም ከሥሩ ላይ አስደግፎ ዘፈኑ እስኪያበቃ ሲያዳምጥ ዋለ።

ተረቴም እዚህ አደረች፤ እናንተንም ደጃችሁን የሚያንኳኳ አያሳጣችሁ።