ጥልፍ ላይ ራሱን ያየው ጭራቅ

ጆሯችሁን ወዲህ አቅርቡና ተረቴን ውሰዱ። ድሮ፣ ድንጋይ ገና ለስላሳ ሳለ፣ ኖርዌይ በሚሉት የብርድ አገር፣ ሰው ሲያስነጥስ ማስነጠሱ እንኳ በረዶ ሆኖ መሬት ላይ ቋ! በሚልበት አገር፣ ጉንሂልድ የምትባል አሮጊት ነበረች። ያለቻት አንዲት ላም ናት። ወተቷ ከነጠፈ ጉንሂልድም የለችም።

በዚያ አገር ሴቶቹ በበረዶው ወራት የተረቱን ጭራቅ ጨርቅ ላይ ጠልፈው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ጉንሂልድ ታዲያ ክር ቢያልቅባት፣ ተራራው ላይ የሚኖረው እውነተኛው ጭራቅ ከሚታከክበት ቋጥኝ ላይ የቀረውን ፀጉር ለቅማ፣ ፈትላ፣ ራሱን በራሱ ፀጉር ጠለፈችው!

አንድ ቀን በሩ ብርግድ አለ። መጀመሪያ አፍንጫው ገባ፤ ጭራቁ ራሱ ቆይቶ ደረሰ።

"አንቺ አሮጊት! ላምሽን ልበላ መጣሁ!" አለና ግድግዳውን ሲያይ ክው አለ። "ይሄ አስቀያሚ ማነው?"

"አንተ ነህ፣ ጌታዬ።"

"እኔ? ይሄ አፍንጫ የኔ? ፍቺው! አሁኑኑ ፍቺው!"

የአፍንጫውን ክር መዘዘች። ቀና ብትል፣ ኧረ የጉድ ያለህ! የጭራቁም አፍንጫ እልም! ፊቱ እንደ ሰፌድ ልጥጥ ብሏል። በድንጋጤ መርፌዋን ልትውጠው ነበር።

ጭራቁ ፊቱን ዳበሰ። "እሰይ! አማረብኝ! ጭራውንም ፍቺው!"

መዘዘች። ጭራውም እልም!

"ጉብጠቱንም ፍቺው!"

መዘዘች። ጉብጠቱም እልም!

ለካስ የምትተረትረው የገዛ ፀጉሩን ነው! ይህ ገባት፤ ከጨርቁ የተፈታው ሁሉ ከገላውም ይጠፋል። ይኼኔ ላሟ ከጋጣው እምቧ አለች። ጭራቁ ምራቁን ዋጠና ተነሳ።

"ጌታዬ፣" አለች ቶሎ ብላ፣ "ሁሉም አምሮብሃል። ብቻ እነዚህ ቢጫ ጥርሶች... ይቅር እንጂ፣ ማን ያይሃል ብለህ ነው?"

"ማንም ቢያየኝስ! ፍቺ! አንድም እንዳትተዪ!"

ሳበችው። ጭራቁ ላሟ ላይ ዘሎ ታፋዋን ጎረሰ። ድዱ አዳለጠው። ደግሞ ጎረሰ። ደግሞ አዳለጠው።

ላሟ ዞር አለች። "አያ ጭራቅ፣ ትስመኛለህ እንዴ?" ብላ በእርግጫ ስታቀምሰው፣ በር ጥሶ በረዶ ውስጥ ተተከለ።

እንደምንም ወጥቶ ደጃፉ ላይ ኩርምት አለ።

"እሜቴ ጉንሂልድ፣" አለ አንገቱን ደፍቶ፣ "ገንፎ ይኖርዎ ይሆን?"

ለመልኩ ሲል ጥርሱን ያስፈታ፣ ላም እያየ ገንፎ ይውጣል ጠዋትና ማታ።