ዘጠና ስምንት ያገኘው ካርድ

አቶ ዘርጋው የአንድ ሕንፃ ዲዛይን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ለንድፍ ሠራተኞች የተገዛውን፣ የስክሪን ምስል የሚያፈጥነውን አዲስ ግራፊክስ ካርድ በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ አስገጠሙት። «ማንም እንዳይነካብኝ» ብለውም የስክሪኑን ገመድ በገዛ እጃቸው ሰኩ።

ነገር ግን ንድፍ የምትሠራው ውባለም በአሮጌው ካርድ ባለአሥር ፎቁን ሕንፃ በስክሪኗ ላይ እንደ እንዝርት ስታሽከረክረው፣ የእሳቸው ኮምፒውተር አንዲት የዘበኛ ቤት ለማዞር እንኳ ያቃስት ጀመር። ቢሮው ሁሉ ሳቀባቸው።

አቶ ዘርጋው በንዴት የኮምፒውተር ጠጋኟን ሠራተኛው በተሰበሰበበት አስጠሯት። «ሁለቱን ካርዶች አወዳድሪና በግምገማ ቅጹ ላይ እንደ ሠራተኛ ነጥብ ስጫቸው። የእኔ ካነሰ ግን የምትሰናበቺው አንቺ ነሽ!» አሏት።

ጠጋኟ ከኮምፒውተራቸው ጀርባ ጎንበስ ብላ ብታይ፣ የስክሪኑ ገመድ የተሰካው አዲሱ ካርድ ላይ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ጋር በመጣው በድሮው ቀዳዳ ላይ ነው፤ ካርዱ ያለ ሥራ ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ ይኼ ካርድ ከተገጠመ ጀምሮ ስድስት ወር ሙሉ ሥራ የሚባል ነገር አልነካም» አለችና ቅጹን ሞልታ ሰጠቻቸው። ለውባለም ካርድ ስድሳ፣ ለእሳቸው ዘጠና ስምንት።

አቶ ዘርጋው ግራ ገባቸው። «ሥራ ሳይነካ ለተቀመጠ ዘጠና ስምንት? በየትኛው መመዘኛ ነው?»

«በእርስዎው ነዋ! ባለፈው ግምገማ ለውባለም ስድሳ ሰጧት፤ ለራስዎ ዘጠና ስምንት ሞሉ። እኔ የገለበጥኩት ከዚያው ላይ ነው።»